ከአጥሩ ወዲያ ያለችው አዳቃይ

የባሌን እህት አልወዳትም። ይህን ከመነሻው የምናገረው ኋላ ላይ «አዛኝ መስላ ገብታ መርዝ ትረጫለች» እንዳልባል ነው። አልወዳትም፤ እሷም አትወደኝም፤ ሁለታችንም ደብቀነው አናውቅም። ግን ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ ወይ ቅድስት ያደርጋታል ወይ ሰይጣን። ከእኔ በላይ የሚያውቃት ደግሞ የለም። በአንድ ግቢ ስንት ዓመት ተፋጠን ኖረናል፤ አሁንም ቢሆን የሚለየን አንድ የብረት አጥር ብቻ ነው።

መንደሩ «ባለ ክንዷ» ይላታል። ሥራዋ ላም ማዳቀል ነው። አማቴ ያረባ የነበረው ለሥጋ የሚሆኑ ቀያይ ከብቶችን ነው። ከእነሱ የሚታለብ ወተት የለም። ላሟ ትወልዳለች፣ ጥጃው አድጎ ይሸጣል፣ ቤቱም በዚያ ይኖራል። አማቴ አንድ ኮርማ የጎን አጥንቱን ከሰበረው ወዲህ ግቢው ውስጥ የኮርማ ኮቴ እንዳይደርስ ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ የኮርማው ዘር ብቻ በናይትሮጅን ጋን በርዶ ይመጣል፤ ላሞቹ ማህፀን የሚያደርሰው የዚህችው ሴት ልጁ ክንድ ነው። እስከ ትከሻዋ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ ግራ ክንዷን ከላሟ ኋላ ትሰዳለች፤ በቀኝ እጇ ዘሩ የተጎረሰበትን ረጅም ቀጭን ብረት ትይዛለች። ከብዙ ዓመት ሥራ የተነሳ ግራ ክንዷ ከቀኙ ወፍሯል። ሹራብ ስትገዛ ግራ እጅጌው ሁልጊዜ ይጠብቃታል።

እኔ ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ነው ጠባችን የተጀመረው። ከበረት ወጣች፣ ክንዷ እስከ ትከሻው በእበት ተለውሷል፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እስቲ ዞር በይ» አለችኝ። ቀሚሴን ልታደንቅ ነው ብዬ ዞርኩላት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «ዳሌዋ ደህና ነው፤ ስትወልድ አትቸገርም» አለች። አማቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ሁለት ሴት ልጆች ያለ ችግር ወልጃለሁ፣ እሱ እውነት ነው፤ ሳቁ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስሜን ጠርታኝም አታውቅም። «የወንድሜ ሚስት» ነው የምትለኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ እንኳ። እኔም «ያቺ» ነው የምላት።

አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ንጹሕ ሰው፣ ጫማው የሚያበራ። ማታ ማታ ከእሱ ጋር ሆና እንኳ ጆሮዋ ወደ በረቱ ነበር ይባላል። በመጨረሻ «ወይ እኔን ወይ ላሞቹን» አላት። እሷም «ላሞቹ ወልደው ይጨርሱና እነግርሃለሁ» አለችው። ሰውዬው ያንን ሰምቶ ሻንጣውን አነሳ። ተገላገለ እላለሁ እኔ። እሷ ግን የሄደ ዕለት ራሱ አንዲት ጊደር ስታዋልድ ነው የዋለችው፤ ሲወጣ ቀና ብላ አላየችውም አሉ።

ሥራዋን በተመለከተ የምዋሸው የለም። ጠዋት ሰው ሳይነሳ ባልዲ ገልብጣ አጥሩ ሥር ትቀመጥና የትኛዋ ላም በየትኛዋ ላይ እንደወጣች፣ የትኛዋ ሲወጡባት ዝም ብላ እንደቆመች ትመለከታለች። ዝም ብላ የምትቆመዋ ኮርማ የምትፈልገዋ ናት። ማዳቀል ባለባት ቀን ጥፍሯን እስከ ሥጋው ትቆርጣለች። ላሞቹ አንድ በአንድ በሚገቡበት ጠባብ የብረት መተላለፊያ አጠገብ የሚጮህ ሰው ካለ፣ ባሌም ይሁን አባቷ፣ የያዘችውን ነገር ትወረውርበታለች። በረዶ የሆነውን ዘር ከነቀጭን ቱቦው ለብ ባለ ውሃ ታሟሟለች፣ ቱቦውን ታደርቃለች፣ ብረቱ ውስጥ ታስገባለች። ከዚያም ላሟ እስክትዘጋጅ ድረስ ብረቱን ሸሚዟ ውስጥ፣ ጡቶቿ መሃል፣ ገላዋ ላይ ትወሽቀዋለች። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ብርድ ከነካው ሞተ» ትላለች።

እኔን ያስጠላኝ የነበረው ይኸው ነው። እንግዳ ቆሞ እያየ፣ ከብት ነጋዴ ቆሞ እያየ፣ ቁልፏን ፈታ ብረት መወሸቅ! «እህትህ አታፍርም እንዴ?» እለው ነበር ባሌን። እሱ ይስቅና «ብረት አቃፊ» ይላታል። በቤታችን መቀለጃ ሆኖ ቀረ። ልጆቼ ሳይቀሩ እርሳስ ደረታቸው ውስጥ ከትተው እሷን መስለው ሲሄዱ እንስቅ ነበር።

ከላሞቹ ሁሉ የምትወዳት አንዲት ነበረች፤ አኩራፊዋ ይሏታል። እናቷ ስትወልዳት ሞታ ያቺ ራሷ ክፍሏ ውስጥ አስገብታ አልጋዋ ሥር በጡጦ ያሳደገቻት ናት። ሰው ሲጠራት ጀርባዋን ትሰጣለች፤ አሳዳጊዋን ነው የወጣችው። የምትመጣው ያቺ የባልዲውን ቂጥ በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች «ነይ የኔ እናት፣ ነይ» ስትላት ብቻ ነበር። ያንን ስትል ድምጿ ሌላ ይሆናል። ለሰው እንዲህ ባለ ድምፅ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

አማቴ የሞት አልጋው ላይ ሆኖ ሁለቱን ልጆቹን አስጠራ። እኔም በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ላሞቹን እሷ ለሁለት ትክፈል፤ አንተ የፈለግኸውን ግማሽ ምረጥ። እንዲህ ከሆነ ማንም ማንንም አይበድልም። ከዚያ በኋላ ባዶ ላም አታክርሙ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ» አለ። ባዶ ማለቱ ያላረገዘች ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ የብርዱ ወራት ሲገባ ሳር ያልቃል፤ የተከመረው ድርቆሽ የሚበቃው ላረገዙት ብቻ ነው። ባዶ የተገኘች ላም ብርዱ ሳይገባ የቄራው መኪና ይወስዳታል። አማቴ በዚህ ሕግ ለማንም ላም ራርቶ አያውቅም፣ ለራሱ ልጆችም እንዲሁ።

አማቴ ከተቀበረ በኋላ ያቺ ላሞቹን ከፈለቻቸው። ወጣቶቹን፣ ሥጋ ያላቸውን፣ ሲወልዱ የማያስቸግሩትን በላይኛው በረት አጎረች። በታችኛው በረት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ከሲታዎቹን፣ ከእነሱም ጋር አኩራፊዋን። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የሚመርጠው የላይኛውን ነው።

ባሌ እየፈነጠዘ ገባ። «አየሽ? ክፉ ናት ስትይኝ! አዘነችልኝ እኮ፣ የተሻለውን ለእኔ አዘጋጅታለች።»

«ያቺ? ያቺ ናት ያዘነችልህ?» አልኩት። «አንተ ሰውዬ ዕድሜህን ሙሉ ሞኝ ሆነህ ልትቀር ነው? ላም ከውስጥ የምታውቅ ሴት የተሻለውን በነጻ የምትሰጥህ ለምንድን ነው? የታችኛው በረት ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

«ምን ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቄ! ውስጣቸውን የሚያይ ሰው ጥራ።»

ባለ ማሽኑን የጠራነው በዚህ የተነሳ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ስክሪን አለው፣ በሽቦ የታሰረ ጣት የሚያህል ነገር ከላሟ ኋላ ሲያስገባ የእንቁላል እጢዋ ስክሪኑ ላይ ይታያል። እጢው ላይ ጥቋቁር ክብ ነጠብጣቦች አሉ፣ ፎሊክል ይላቸዋል። እያንዳንዱ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ነው፣ በውስጡ አንድ እንቁላል አለ። አንዳንዷ ላም ጥቂት አላት፣ አንዳንዷ ብዙ፤ ጊደር ሳለች ብዙ የነበራት አድጋም ብዙ ነው የሚኖራት አለን። ደስ የሚል፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። ሁለቱንም በረት አንድ በአንድ ቆጠረ። ብዙዎቹ አሥርም አሥራ አምስትም ነበራቸው።

አኩራፊዋ ጀርባዋን እየሰጠች በግድ ገባች። ባለ ማሽኑ ስክሪኑን አይቶ አፏጨ። ጥቁር ነጠብጣቡ ስክሪኑን ሞልቶታል። «ከሠላሳ በላይ ነው! እንዲህ ያለ ቁጥር ስንት ጊዜ ይገኛል ብላችሁ ነው!» አለ።

እኔ ባሌን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ተግባባን። ያቺ ለካ ሀብቱን ከሲታዎቹ መሃል ሸጉጣው ነበር!

«እንግዲህ ብዙ ያላት ብዙ ትወልዳለች ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንደዚያ አላልኩም» አለ ባለ ማሽኑ። «ቁጥሩ ስንት እንዳላት ነው የሚናገረው። አንዱ ዘንድ ብዙ ያላቸው ቶሎ ይይዛሉ፣ ሌላው ዘንድ ደግሞ ጥቂት ያላቸው ሲበልጡ ይታያል። ምግቡ አለ፣ ዘሩ አለ፣ የሚያዳቅለው ሰው እጅ አለ።»

ያቺ አጥሩን ተደግፋ ስትሰማ ቆይታ «ጆንያው ውስጥ ስንት ባቄላ እንዳለ ነው የነገራችሁ» አለች። «የትኛው እንደሚበቅል አልነገራችሁም።»

ሰውዬው ሲናገር ሳያሳምነኝ፣ እሷ ስትደግመው ጭራሽ ነገሩ ተገላጠልኝ። ይቺ ሴት የቁጥሩን ነገር ካናናቀች ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው ማለት ነው። ባሌም እንደኔ አሰበ። ቀጥ ብሎ ሄዶ የታችኛውን በረት መዝጊያ ያዘና «ይሄን መርጫለሁ» አለ።

ፊቷ አመድ መሰለ። አባቷ ሲሞት እንኳ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም።

«ወንድሜ፣ አልተግባባንም» አለችው። «የተሻሉት የላይኞቹ ናቸው እኮ። አንተ እንድትወስዳቸው ብዬ ነው። እኔ አኩራፊዋን ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

«እሱን አይተናል፣ ለምን እንደፈለግሻት» አለ ባሌ።

«አልጋዬ ሥር ነው ያደገችው። እሷን ተውልኝና ከላይኛው ሁለት ጨምር። ሦስትም ውሰድ፣ ራስህ መርጠህ ውሰድ።»

ያ ነው የጨረሰው። ለአንዲት ላም ሦስት ወጣት ላሞች የሚሰጥ ሰው የት አገር አለ? ባሌ ወደ መራራቱ ሲያዘነብል አየሁትና ራሴን ነቀነቅሁ። አሁንም ያ ቀን ቢመለስ እነቀንቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት የነበረኝ ዓይን ያ ነበር።

«አባባ ምረጥ ብሎኛል፣ መረጥኩ» አላት።

«እሺ» አለች ትንፋሿን ውጣ። «እሺ፣ ያንተ ትሁን። ግን እኔ ላዳቅላት። ሁሉንም እኔ ላዳቅልልህ፣ ምንም አልፈልግም።»

«አበላሽታ ልትሰጥህ ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ባለ ማሽኑ ዕቃውን እየሰበሰበ ቀና ብሎ አየኝ።

ባሌ ደሙ ፈላ። «አያስፈልግም! ባለ ማሽኑ ያዳቅልልኛል። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ ላሞች አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ! ሰምተሻል?»

«አንድ ቃል?»

«አንድ ቃል!»

«እሺ» አለችው። ያቺ ስትጮህ አልፈራትም፤ እሺ ስትል ነው የምፈራት። ሳምንቱ ሳይሞላ የብረቱ አጥር ግቢውን ለሁለት ከፈለው። የእሷ ሁለት ክፍል ቤት ከወዲያ ቀረ፣ የእኛ ከወዲህ።

የማዳቀሉ ቀን ነፋሱ ፊት ይልጥ ነበር። ላሞቻችን ሁሉ በአንድ ቀን ኮርማ እንዲፈልጉ የሚያደርግ መርፌ ተወግተዋል፣ ስለዚህ ሥራው በአንድ ጠዋት ማለቅ አለበት። ባለ ማሽኑ ጊዜ ለመቆጠብ ዘሩን አሟሙቶ ብዙ ብረት በአንድ ላይ አዘጋጀና ለባሌ ሰጠው። «ገላህ ላይ አስጠጋቸው፣ ጃኬትህ ውስጥ። ስጠኝ ስልህ አንድ አንድ ታቀብለኛለህ» አለው።

ባሌ ሳቀ። «እኔን ብረት አቃፊ ልታደርገኝ ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ባለ ማሽኑ ቀልዱን ስለማያውቅ ፈገግ ብሎ ዞረና ክንዱን ላሟ ውስጥ አስገባ። ባሌ ደግሞ ብረቶቹን የአጥሩ አግዳሚ ላይ ደርድሮ በፎጣ ሸፈናቸው። ምን ችግር አለው? ፎጣው ንጹሕ ነበር። ነፋሱ ፎጣውን ሲገልጠው መልሶ ያለብሰዋል፣ ደግሞ ይገልጠዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማልበሱም ሰለቸው። ባለ ማሽኑ ፊቱን ወደ ላሟ እንዳዞረ «ስጠኝ» ይላል፣ ባሌ ከአግዳሚው ላይ አንድ ብረት አንስቶ ያቀብለዋል።

በዚህ መሃል ነው ያየኋት። ከአጥሩ ወዲያ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ያረፈው ሰው ላይም ላም ላይም አልነበረም፣ አግዳሚው ላይ ነበር። ነጻው እጇ ሳታውቀው ወደ ደረቷ ሄዶ የሸሚዟን ቁልፍ ያዘ። አፏ ተከፈተ።

ባሌም አያት። «ምን ታያለሽ?» ብሎ ጮኸባት።

አፏ ተዘጋ። ግን አልሄደችም። እስከ መጨረሻው ቆመች። አኩራፊዋ እንደ ልማዷ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እየተገፋች ስትገባ አንገቷን ወደ አጥሩ መልሳ ጮኸች። ያቺ ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና አጥሩን በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቶቿ ነጭ ሲሆኑ ይታየኛል። አሁን ልትጮህ ነው፣ አሁን ልትሳደብ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅኋት። «ስጠኝ» አለ ባለ ማሽኑ። ባሌ የመጨረሻውን ብረት አንስቶ ሰጠው። ያቺ ባልዲዋን አንስታ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ያንገሸግሸኛል። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ ላሞቻችን ጠዋት ጠዋት እርስ በርስ ሲወጣጡ አያለሁ። ጥጋብ መሰለኝ። «ሳሩ ተስማማቸው» አልኩት ባሌን፣ እሱም ተጋድሞ «ደግ» አለኝ። ያቺ ከአጥሯ ሥር ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። አንዲት ላም ዝም ብላ ስትቆም ፊቷን ታዞራለች። እኔ ደግሞ ቀናችብን አልኩ።

ብርዱ ሊገባ ሲል ባለ ማሽኑ ሊመረምር ተመለሰ። መጀመሪያ የእሷን መረመረ፣ ጠርታው ነበር። ከወዲያ በኩል ድምፁ ይሰማል፤ «ይዛለች። ይዛለች። ይቺም ይዛለች።» በቁጥሩ ቀን ጥቂት ነጠብጣብ የተገኘባቸው ሳይቀሩ ይዘዋል። ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ስክሪኑን እያየ «ባዶ» አለ። «ባዶ። ባዶ።» አልፎ አልፎ አንዷ ይዛ ይገኛል፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ። ባለ ማሽኑ ራሱ ላብ ላብ አለው። አኩራፊዋ ገባች። የእንቁላል እጢዋ እንደዚያኔው በነጠብጣብ ሞልቶ ይታያል፤ ማህፀኗ ግን ባዶ ነው።

«ታዲያ ቁጥሩ ዋሸን እኮ!» አልኩ እኔ።

«ቁጥሩ አልዋሸም፣ እንቁላሉ አላት» አለ። ክንዱን አወጣና ጓንቱን ሳያወልቅ ባሌን አየው። «ያን ዕለት ብረቶቹን ጃኬትህ ውስጥ ነው የያዝካቸው አይደል?»

ባሌ ወደ አግዳሚው አየ። ባለ ማሽኑም ዓይኑን ተከትሎ አየ። እዚያ ላይ ያ ፎጣ አሁንም ተንጠልጥሏል፣ ማንም አላነሳውም። ሰውዬው «ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ» ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ።

ባሌ እየተንደረደረ ወደ አጥሩ ሄደ። እኔም ከኋላው።

«አንቺ! ውጪ!»

ወጣች።

«ያን ቀን ብረቶቹ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንደሚበላሹ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ዘጋሽ?» ባሌ አጥሩን ነቀነቀው። «አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት?»

«አንድ ቃል አትናገሪ አልከኝ» አለችው። «አልተናገርኩም።»

ባሌ አጥሩን ለቀቀው። እኔ ግን አልለቀቅኋትም፤ ነቀዝ፣ እባብ፣ የአባትሽን ከብት ያረድሽ ብዬ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩባት። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ «የወንድሜ ሚስት፣ ጨረስሽ?» አለችኝና ገባች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም።

የቄራው መኪና የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ድርቆሹ ከያዙት ጥቂት ላሞች የሚተርፍ አልነበረም፣ ባዶዎቹ መሄድ አለባቸው። አንድ በአንድ በመወጣጫው ጣውላ ወጡ። ያቺ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ እያንዳንዷን በዓይኗ ትሸኛለች፤ እያንዳንዷ ውስጥ ክንዷ ገብቶ ያውቃል። እንባ የላትም። አኩራፊዋ የመጨረሻዋ ሆነች። ጣውላው ሥር ስትደርስ ለመኪናው ጀርባዋን ሰጥታ አልንቀሳቀስም አለች። ሹፌሩ ጎትቶ፣ ባሌ ገፍቶ፣ በብዙ ትግል ወጣችና መዝጊያው ተዘጋ።

ባሌ እያለከለከ ቆመ። ከዚያ ሹፌሩን «ቆይ» ብሎት ወደ አጥሩ ሄደ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አልወደድኩትም። ገና ልጅ ሳሉ አብረው ያደጉ መሆናቸው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ላውርድልሽ?» አላት።

ዓይኗ መኪናው ላይ ነበር።

«ድርቆሽ አለሽ፣ ያንቺዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ አንዲት አታንስሽም። በሚመጣው ዓመት ራስሽ ታዳቅያታለሽ። ላውርዳት?»

«ትለምን!» አልኩ እኔ ከኋላ። «ላሞችህን ገድላ ደግሞ በእግርህ ሄደህ ታቀብላታለህ? ስጠኝ ትበል!»

ባሌ አልተቆጣኝም። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እሷ ተጠጋ። «እሺ፣ አንድ ቃል በይኝ» አላት። «አንድ ቃል ብቻ፣ አወርዳታለሁ።»

አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እምላለሁ አይቻለሁ። ላሟ ከመኪናው ላይ በርብራቡ አፍንጫዋን አውጥታ ወደ እነሱ ትተነፍሳለች። ያቺ ከንፈሯን ነከሰችው። ነክሳው፣ ነክሳው ቆየች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረችና እየተንገዳገደች ወደ ቤቷ ሄደች። ባሌ እስክትገባ ጠበቀ። ከገባችም በኋላ ጠበቀ። ሹፌሩ ሰዓት የለኝም ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ምሳ አቅርቤ ተቀምጠናል። ልጆቹ የሉም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። መኪናው የሄደበት አቧራ ገና መንገዱ ላይ ነው። እንኳን፣ የእጇን ነው ያገኘችው እያልኩ የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሳሁ።

ከወዲያ የባልዲ ቂጥ ሲመታ ተሰማ። ኳ ኳ። ኳ ኳ።

«ነይ የኔ እናት፣ ነይ» ትላለች። ያው ሌላው ድምጿ ነው።

ባሌ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። «እህቴ!» ብሎ ተጣራ። እንደገና ተጣራ፣ ድምፁ ተሰበረ፣ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ አልወዳትም፣ ብያለሁ፤ ዛሬም አልወዳትም። ግን ጉርሻውን ወደ ትሪው መለስኩት፣ ዓይኔ በእንባ ሞላ፣ በራሴም በእሷም በባሌም ተናደድኩ። ከወዲያ ትመታለች፣ ትጠራለች፣ ደግሞ አኩራፊዋ እስክትመጣ የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ዝም ትልና እንደገና ትጠራለች።